የጋሽ ጉም ብርጭቆ

እሑድ፣ ሐምሌ 3
ከታችኛው ጣቢያ

ይድረስ ተራራ ላይ ለተሰቀለው አጎቴ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የእኔን ከጠየቅክ ምላሴ ደህና ነው፤ ሌላው አካሌ ይደርስበታል። ከሄድክ ወር ሞላህ። ትናፍቀኛለህ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ግን አባባ የሚቆጡት ሰው ሲያጡ ሙሉውን ቁጣ ለእኔ ለልጅ ልጃቸው አደረጉት። ድሮ ቢያንስ ለሁለት እንካፈለው ነበር።

ለጠየቅከኝ፦ አይ፣ እዚህ አንድ ጠብታ አልወረደም። አንተ ጫማዬ ሻገተ ስትል እኛ አቧራ እንውጣለን። ምክንያቱን አባባ ትናንት ለሺህኛ ጊዜ አስረዱኝ። ደመናው ከባሕሩ ሞልቶ ይነሳል፣ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ያለውን ሁሉ አንተ ጣሪያ ላይ ይዘረግፋል። ወደ እኛ የሚሻገረው ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ነው፤ የያዘው ሙቀት ብቻ ነው። እኔም ታዲያ ዝናብ በሌለበት ከተማ የዝናብ ጣቢያ ተክሎ ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት ምን ይለካል አልኳቸው። የአንቺን ምላስ አሉኝ።

ቀልዱን ትቼ፣ ለምን እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ገበያው የሚቆመው፣ እማዬም ባልዲና ጀሪካኗን የምትደረድረው እዚያ አሸዋ ላይ ነው። አንተ ጋ ከመቶ ሚሊሜትር በላይ ከዘነበ ግን ውኃው በአራት ሰዓት ውስጥ፣ አንድ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር፣ እኛ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አባባ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ሥር ናቸው። ከመቶ በላይ ከሰሙ ደወሉን ይደውላሉ። ካልሆነ ወደ ቁጣቸው ይመለሳሉ።

ጋሽ ጉም ነፍሳቸውን ይማር፣ ከአንተ በፊት እሳቸው እዚያ ላይ እያሉ ሥርዓቱ ሌላ ነበር። መጀመሪያ ይስላሉ። ከዚያ ቁጥሩ። ከዚያ «ጻፍከው?» አባባ «ጻፍኩት» እስኪሉ ድረስ መስመሩን አይለቁም ነበር። አስበው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀን አንድ ሳልና ሦስት ቃል ተለዋውጠው ጓደኛሞች ነን ይላሉ። አንተ ቁጥርህን ትወረውርና ትጠፋለህ። አባባ ጣታቸው የሬዲዮው መናገሪያ ቁልፍ ላይ እንዳለ ይቀራሉ። ያሳዝናሉ፤ እኔ ሳቄን ስጨርስ ማለቴ ነው።

ስትሄድ ለአባባ ብለህ በእጄ የሰጠኸኝ የታሸገ ማስታወሻ ደህና ቦታ ተቀምጧል። እዚያ ብቻህን አትፈራም? ጋሽ ጉምስ እንዴት ይኖሩ ነበር?

የእህትህ ልጅ፣ ምላሷ


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12
ከላይኛው ጣቢያ

ለምላሷ፤

አልፈራሁም። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

ጋሽ ጉም እንዴት ይኖሩ ነበር ላልሽው፦ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሬዲዮው፣ ደግሞ ምንም የማያሳይ መስኮት። ጉሙ ጠዋት በበሩ ሥር ይገባል፤ ክፍሉን አንድ ጊዜ ይዞርና ዕቃ ረስቶ እንደተመለሰ ሰው ቆም ብሎ ይወጣል። ካፖርታቸው ምስማሩ ላይ እንዳለ ነው። አላነሳሁትም። ጠዋት ጠዋት ትከሻው ርሶ አገኘዋለሁ። ከጉሙ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለአባባ ግን እንዳታነሺ፤ ልጄ ጉም ጠጥቶ ሰከረ ይላሉ። ጋሽ ጉም የሞቱት ግንቦት 27 ነው። የዝናብ መዝገቡን ለመቀጠል ስገልጥ ከግንቦት 27 በኋላም ተሞልቶ አገኘሁት። በራሳቸው እጅ፣ በዚያው በተጣመመ አጻጻፍ፣ ቀን በቀን፣ እስከ ነሐሴ 19። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። እኔ የራሴን በሌላ ደብተር እየጻፍኩ ነው። በእሳቸው ላይ መጻፍ አልቻልኩም።

አጎትሽ


እሑድ፣ ሐምሌ 17

ላልፈራው አጎቴ፤

ለማንም አልተናገርኩም፤ ምላስ ያለው ሰው ሁሉ ወሬኛ አይደለም።

እኔን ከጠየቅክ የጋሽ ጉም ነገር ምስጢር የለውም። ሰነፍ ነበሩ። እኔም የሳምንቱን የንባብ ማስታወሻ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ጊዜ እሞላ የለ? እሳቸውም የክረምቱን ዝናብ በአንድ ቀን ሞልተው አረፉ። ለዘላለም ማረፋቸው ብቻ ነው የከፋው። ይልቅ የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ የሞሉት ቁጥር አንተ ከምትለካው ጋር ይመሳሰላል? ካልተመሳሰለ የሰነፍ ሥራ ነው፤ ተኛ።

የአባባን ጤና ባትጠይቅም፦ ዓይናቸው ደክሟል፤ መዝገቡን ከሰኔ ጀምሮ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጆሯቸውም አብሮ ደክሟል፤ ሁልጊዜ አሳንሰው ይሰማሉ። ሐሙስ ዕለት አንተ በግልጽ አሥራ ስምንት አልክ፤ እሳቸው ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ አሉኝ። ዓርብ አርባ አልክ፤ ሃያ ብለሽ ጻፊ። አባባ፣ አርባ እኮ ነው ያለው ብል፣ «አንቺ ጻፊ፣ እኔ ልስማ» አሉኝ። የተባልኩትን ጻፍኩ። ጸሐፊ ከዝናብ ጋር አይከራከርም።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ካልሲህን ታጥበህ ልበስ ብላለች፤ ከዚያ ሁሉ ውኃ መሃል።

ምላሷ


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 26

ለእህቴ ልጅ፤

ጥያቄሽ ቀላል መስሎኝ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አሁን ምነው ባልዘረጋኋቸው እላለሁ።

እኔ አሥራ ስምንት በለካሁበት ቀን ጋሽ ጉም ሠላሳ ስድስት ጽፈዋል። አርባ በለካሁበት ሰማንያ። ሰባት በለካሁበት አሥራ አራት። ሁሉም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ እጥፍ፣ አንድም ቀን ሳይስት።

እጥፍ የሆነበትን ምክንያት አውቄዋለሁ። እዚህ ያገኘሁት የመለኪያ ብርጭቆ የዚህ ጣቢያ አይደለም፤ አፉ ጠባብ ለሆነ የዝናብ ቆርቆሮ የተሠራ ነው። በእኛ ሰፊ ቆርቆሮ የገባውን ውኃ ሲለኩበት እጥፍ ያሳያል። እኔ ትክክለኛውን ይዤ ነው የመጣሁት፤ ይህንንም ለአባባ በማስታወሻው ላይ ጽፌላቸዋለሁ። ጋሽ ጉም ግን በአሮጌው ነበር የሚለኩት። እንግዲህ መዝገባቸው ስህተት የለበትም ማለት ነው፤ በራሳቸው ብርጭቆ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ገና ያልዘነበ ዝናብ ለክተው ሄደዋል።

የቀሩትን ቁጥሮች ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የመጨረሻውን ተመልከቺው፤ ነሐሴ 19፣ ሁለት መቶ አርባ። ከዚያ ባዶ።

አባባ ማስታወሻውን ሲያነቡ ምን አሉ? እስካሁን አልነገርሽኝም።

አጎትሽ


እሑድ፣ ነሐሴ 8

አጎቴ፤

ባለፈው ሰኞ የፖስታ መኪናው ሲወጣ ያልጻፍኩልህ ብዕር ጠፍቶብኝ አይደለም። አፍሬ ነው። እኔ ማፈሬን ለማንም እንዳትናገር።

አባባ ምንም አላሉም። ማስታወሻው አልደረሳቸውም። እኔ ጋ ነው፤ የጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ፣ ተራሮች የሚለው ምዕራፍ ላይ። ገና ስትሄድ አሽገህ በእጄ የሰጠኸኝ ቀን ተደብቄ ከፈትኩት። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው መጨረሻው ላይ ነው፦ «ይህች ልጅ የእርስዎን ቁጣ የአየር ትንበያ እያደረገች ጓደኞቿን ታስቃለች፤ ይገሥጿት» ይላል። ትንበያው ምን ነበረ? ጠዋት ደመናማ፣ ከምሳ በፊት ነጎድጓድ፣ ከምሳ በኋላ ረዥም ማንኮራፋት። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ይህንን አባባ እንዳያዩት ብዬ ደበቅኩት። ስለ ብርጭቆው የሚለውን የላይኛውን ግማሽ ያነበብኩት ያንተ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ነው።

አሁን ተቀመጥና ስማኝ። የአባባ ጆሮ ደህና ነው። የሚያካፍሉት አውቀው ነው። የጋሽ ጉም ብርጭቆ እጥፍ እንደሚያሳይ ያውቃሉ ማለት ነው። ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ ከላይ የሰሙትን ለሁለት ከፍለው ነው የሚጽፉት። ብርጭቆው መቀየሩን የሚነግራቸው ወረቀት ግን እኔ ጋ ነው፤ ስለዚህ ያንተንም እውነተኛ ቁጥር ይከፍሉታል።

ነሐሴ 19 ሁለት መቶ አርባ ከሆነ፣ አንተ የምትለካው መቶ ሃያ ነው። መቶ ሃያ ትላለህ፤ አባባ ስድሳ ብለሽ ጻፊ ይሉኛል። ስድሳ ደወል አያስደውልም። ነሐሴ 19 ደግሞ ሐሙስ ነው። እማዬ አሸዋው ላይ ናት።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እስክናዘዝ ድረስ ቁጥርህን እጥፍ አድርገህ ተናገር። በሬዲዮ እንዳልነግርህ ቁልፉን ከአባባ ጣት በቀር የነካው ሰው የለም። ለእሳቸው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ልቤን ሰብሰብ ላድርግ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ይህንን ቃል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ፊደሉ ቢጣመም አትፍረድብኝ።

ምላሷ፣ ምላሷ የታሰረባት


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 17

አጎቴ፤

ይህንን የሚያደርስልኝ መኪና የለም፤ ቢሆንም እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ እጮኻለሁ።

«ቀስ በቀስ» የምለው የፖስታ መኪናው ሾፌር የነሐሴ 8ቱን ደብዳቤዬን ይዞ ከወጣ ወዲህ አልተመለሰም። መንገዱን ናዳ ቆርጦታል ይላሉ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ቆጨኝ። ደብዳቤው እንዳልደረሰህ ከቁጥርህ አውቄያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሃያ ሁለት አልክ። አንተ በላክኸው ዝርዝር ላይ አርባ አራት ነው። አባባ አሥራ አንድ ብለሽ ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ።

ትናንት እማዬን የዚህን ሐሙስ ገበያ ብትቀሪስ አልኳት። ለምን አለችኝ። የሞቱት ጋሽ ጉም ጽፈውታል ብዬ ልንገራት? ሆዴን አሞኛል አልኩ። እናትሽ ጋ ነይና ባልዲ ሽጪ፣ ይለቅሻል አለችኝ።

እዚህ ሰማዩ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ደረቅና ሞቃት ሆኗል፤ ፊትህ ላይ የሚተነፍስ ሰው ያለ ይመስላል። ከላይ ያለው ጉም ግን ሦስት ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ጫፉ ላይ ተንተርሶ ወደ እኛ ያያል። የጎረቤታችን ውሻ ወንዙ ዳር ደርሶ ይቆማል፤ አሸዋውን አይረግጥም። እኔም እግሬን ሳደርግ አሸዋው ከሥሩ ቀዝቃዛ ነበር።

ለአባባ ልነግራቸው ሰባት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አባባ እላለሁ። ምን ይላሉ። ሻይ ልቅዳልዎት እላለሁ። ዛሬ ሰባት ሻይ ጠጥተዋል። ስምንተኛውን ሳመጣ «ምን ሰብረሻል?» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት እነግራቸዋለሁ። በእማዬ ስም ምያለሁ።

ምላሷ


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 21

አጎቴ፣ የእኔ ወርቅ፤

እጅህ ይባረክ። ደብዳቤዬ ደርሶህ ኖሯል። ቀስ በቀስን ሳገኘው ጫማውን እስማለሁ።

እዚህ ሁሉም ሰው አለ። መጀመሪያ ይህንን እወቅ። ሁሉም።

ሐሙስ ጠዋት ማስታወሻህን በእጄ ይዤ ከአባባ ጀርባ ቆምኩ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው፤ «አባ» ብዬ «ባ» ቀርቶኝ ሳለ ሬዲዮው ጮኸ። መጀመሪያ ሳል መጣ። ብርድ መትቶሃል ማለት ነው፤ ካልሲ ብለንህ ነበር። ከዚያ ቁጥሩ፦ ሁለት መቶ አርባ። አባባ እንደ እሳት ተነሱ። እርሳሱን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው መቶ ሃያ ብለው ጻፉ፤ ዓይናቸው የት እንደነበረች እንጃ። ድምፅህ ደግሞ ተመልሶ «ጻፍከው?» አለ። ከጋሽ ጉም አልጋና ጠረጴዛ ጋር አመላቸውንም ወረስክ ብዬ ሳቄ መጣ። አባትህን አንተ ማለትህ ደግሞ! እዚያ ከፍታ ላይ አክብሮትም እንደ አየሩ ይሳሳል መሰለኝ። አባባ ግን አልመለሱልህም። ወደ ደወሉ ሮጠው ነበር። አባባ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ ከዚህ በኋላም ባላይ ይሻላል።

ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር። ሰዎቹ ሽማግሌው ፀሐይ መታቸው እያሉ፣ እየሳቁ፣ እየተሳደቡም ዕቃቸውን ሰበሰቡ። የሮጠ የለም። እማዬ የመጨረሻዎቹን ባልዲዎች በአባባ ቁጣ ተገፍታ ነው ያወጣችው። ሰባት ሰዓት ላይ ድምፁ ቀደመ። ሌላውን ስትመጣ እነግርሃለሁ። ገበያው የነበረበት ቦታ የለም። የምልህ ይህንን ብቻ ነው።

አሁን ለአባባ የምናዘዘው ነገር የለኝም አይደል? ሁሉም በሰላም አልቋል። ማስታወሻውን ወደ ተራሮች ምዕራፍ መልሼዋለሁ። ከሐሙስ ወዲህ በሬዲዮ ጠፍተሃል፤ አባባ ተራራው ደክሞት ተኝቷል ይላሉ። አንድ ቃል ጻፍልኝ።

ምላሷ


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 24

ለእህቴ ልጅ፤

ሁሉም አለ ያልሽውን መስመር መሬት ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ አምስት ቀን ያሳለፍኩት ሁላችሁንም ቀብሬ ነው።

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ዛሬ ጠዋት ባንድ ቦርሳ ደረሱኝ፤ የመንገድ ሠራተኞች ከታች በእግር አመጧቸው። የነሐሴ 8ቱንም ጭምር። ቀስ በቀስ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሁለት ናዳ መሃል ተዘግቶ ከርሟል፤ ቦርሳውን ከእሱ ተቀብለው የኋለኞቹን ሁለቱን ጨመሩበት። እጥፍ አድርገህ ተናገር ያልሽኝን ያነበብኩት ዛሬ ነው።

ልብሽን አጽኚና የቀረውን አንብቢ። ረቡዕ፣ ነሐሴ 18፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የሬዲዮውን ምሰሶ ለሁለት ሰነጠቀው። ባትሪው ቀለጠ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ዛሬ ሬዲዮው ሬሳ ነው። ሐሙስ ጠዋት መቶ ሃያ ለካሁ። ቁጥሩን ይዤ ወደ ታች ሮጥኩ፤ የመጀመሪያው ናዳ ጋ መንገዱ አለቀ። ተመልሼ የሞተውን ሬዲዮ ቁልፍ ተጭኜ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ እያልኩ ስጮህ ዋልኩ። መብራቱ እንኳ አልበራም።

እኔ ሐሙስ ለአባባ ምንም አልተናገርኩም። ብናገር ኖሮ ሁለት መቶ አርባ አልልም ነበር። ሳል የለብኝም።

ካፖርታቸው ከሐሙስ ጀምሮ ደረቅ ነው።

ማስታወሻውን ለአባባ ስጪያቸው። ይህንን ደብዳቤም።

አጎትሽ


እሑድ፣ ነሐሴ 29

አጎቴ፤

ሰጠኋቸው። ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ በማንኮራፋት ሰዓት፣ ቀስቅሼ። መጀመሪያ ማስታወሻውን አነበብኩላቸው፤ የአየር ትንበያውን ሳልዘል። ከዚያ ያንተን ደብዳቤ። ነጎድጓድ ጠበቅኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«ከቁጥሩ በፊት ሳል ነበረ?»

«ነበረ አባባ።»

ማስታወሻውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔም ሻይ ልቅዳ አላልኩም።

ከዚያ የብርጭቆውን ነገር ነገሩኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የጋሽ ጉም ብርጭቆ ተሰበረ፤ ምትኩን መርጠው የላኩት አባባ ራሳቸው ናቸው። የተሳሳተ ላኩ። በሳምንቱ ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ ሲመጣ ገባቸው። ግን ብርጭቆው በመሰበሩ ከአለቃቸው ፊት ጋሽ ጉምን «ስህተትህን ቁጠር» ብለው ገና ዘልፈዋቸው ስለነበር፣ እኔም ተሳሳትኩ ማለት ሞት መሰላቸው። ዝም ብለው ማካፈል ጀመሩ። ጋሽ ጉምም አውቀዋል፤ እንዴት አያውቁም? ግን ጓደኛዬን አላሳፍርም ብለው በዚያው ብርጭቆ ለኩ። አንዱ እጥፍ ይናገራል፣ አንዱ ይከፍላል። በመሃላቸው ያለው ቁጥር እውነት ነበር። እኔ ደግሞ በሁለት ወር ምላሴ ታሰረ ብዬ ስሰቃይ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት» አሉ አባባ፣ «አንድ ይቅርታ አቅቶን።»

አልተቆጡኝም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ከአሁን ወዲህ የአንተን ቁጥር እንዳለ ነው የምንጽፈው፤ እርሳሱም እኔ ጋ ተመልሷል። አንተም ከነሐሴ 19 በኋላ ያለውን ባዶ ገጽ አትፍራው፤ ያንተ ነው፤ ጻፍበት።

አሁን ዛሬ ጠዋት የሆነውን። የተጠገነው ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ዘጠኝ ብለህ ነበር፤ ሰምተንሃል። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። አንተ መስመሩን ዘጋህ። አባባ ግን ጣታቸውን ከቁልፉ አላነሱም። ለዚያ ሐሙስ ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ መሮጣቸው ከንክኗቸው ነበር መሰለኝ። ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «ጻፍኩት» አሉ። ደግሞም፣ «ብርጭቆው የእኔ ጥፋት ነው» አሉ።

ቁልፉን ሲለቁት ሬዲዮው ዝም አላለም። የሆነ ሰው ሳለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ። አባባ ፈገግ ብለው ወጡ፤ እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ለምኜህ አድርገህልኛል ብዬ ነበር፤ አላደረግክልኝም፤ ይሁን። ይህችኛዋን ግን አድርግልኝ። ያ ሳል የእኔ ነበር ብለህ ጻፍልኝ። ባይሆንም።

የእህትህ ልጅ